የዋንዛው በሬ ጆሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ እግሬ ተያዘ። ድካም አይደለም፤ እኔ እኮ ዛሬም ዘምቢሌን አንጠልጥዬ ዳገት እወጣለሁ። የያዘኝ ሽታ ነው። የዘይት ቀለም በነጭ ጋዝ ሲቀጥን የሚሸተው ሽታ። አንዲት ሱሪ የለበሰች ልጅ መሰላል ላይ ወጥታ የበሩን ግንባር ነጭ ትቀባለች። ለከተማው አዲስ አርማ ሊሣልበት ነው አሉ። «ልጄ፣ በሬ አለው?» አልኳት ከታች ሆኜ። «ምኑ እማማ?» «አርማው።» «እኔ እንጃ፣ ዲዛይኑን ገና አልላኩልኝም» አለችና ሳቀች። የልጅ ልጄ እጄን ይዛ «እማዬ ፀሐይ ነው፣ እንሂድ» ብትለኝም እኔ እዚያው የአጥሩ ጥግ ቁጭ አልኩ። ሽታው ጎትቶ ወሰደኝ፤ ከጎተተ ደግሞ የት እንደሚያደርስ እናንተም ታውቃላችሁ።

ያን ጊዜ ጂንካ ማለት አውሮፕላን ማረፊያው ነበር። መሐል ላይ ረጅም የሣር ሜዳ፣ ዙሪያውን ቤት። አሁን አውሮፕላኑ ከከተማ ወጥቶ ነው የሚያርፈው፤ ያኔ ግን እደጃፋችን ነበር የሚወርድ። ሜዳው ላይ ከብትም ፍየልም ይግጣል፣ ልጅ ኳስ ይጫወታል፣ ሴት ልብስ ታሰጣለች። አውሮፕላኑ ከተራራው ወዲያ ድምፁ ሲሰማ ዘበኛው ፊሽካውን ይነፋና ያ ሁሉ ፍጥረት ይበተናል። አንዳንዴ አንዲት ግትር ላም ትቀራለች፤ አብራሪው ሰማይ ላይ እየዞረ ይጠብቃታል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የሚለበልብ፣ ዝናብ ሲመታው የሚያንሸራትት። እኔ አንድ አረንጓዴ ቴትሮን ቀሚስ ነበረኝ፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፋው ሰውዬ የሰፋልኝ። ዛሬ ልጆቹ በሳምንት የሚጥሉት ልብስ ከዚያ ይበልጣል፤ ግን እንደዚያ ቀሚስ ያማረብኝ አላየሁም፣ ልዋሽ አልችልም። በስሙኒ ጨው ትገዛላችሁ፣ በሽልንግ ነጭ ጋዝ በጠርሙስ ይቀዳላችኋል፣ ባለሱቁ ደግሞ ለልጁ ብሎ ከረሜላ ይጨምራል። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ ዘፈን ይለቅብናል። የኛ ጸሎት ቤት ተዘግቶ ስለነበር መዝሙራችንን ጓዳ ውስጥ በአፍንጫችን ነበር የምናንጎራጉረው፤ ሁለቱ ዜማ ይደባለቅብንና ወጥ እያማሰልን ሰልፍ እንወጣ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ያኔ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ወሬ ወሬ ቢል አትፍረዱብኝ።

ባለቤቴ ተስፋዬ፣ አሁን ጌታ ዘንድ ነው፣ ከአርባ ምንጭ በጭነት መኪና የመጣ ሠዓሊ ነበር። የሱቅ ስም ይጽፋል፣ ግድግዳ ላይ መፈክር ይጽፋል። የእጁ ቀይ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን በቋንቋችን በአሪኛ «ይሄ ሰው ምን አርዶ ነው የመጣው?» አለችኝ። ከዚያ ግን ወደደችው። ማዘጋጃ ቤቱ በጊዜያዊነት ነበር የሚያሠራው፤ ዛሬ ና፣ ነገ ቅር ነው። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። እናቴ ከጂንካ በላይ ባለው ሰፈራችን ከእንሰቷ ጋር ብቻዋን ናት፤ አንድ እግሯ ያማታል፣ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። በዚህ መሐል የተስፋዬ ወንድም ከአርባ ምንጭ በሾፌር ቃል ላከ፤ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቷል፣ ና አብረን እንሥራ ይላል።

«እኔ አልሄድም» አልኩት።

«ታዲያ እዚህ ምን እንበላለን?»

«የእናቴ እንሰት አለ።»

«በእናትሽ እንሰት ነው የምኖረው? ወንድ አይደለሁም?» አለና ወጣ። ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም፤ ጊዜያዊ የሚለው ቃል ሌሊትም ከሰው ጋር ይተኛል።

እናላችሁ፣ አንድ ቀን የከተማው ሊቀመንበር አስጠራው። ቀልጣፋ ሰው ነው፣ ካኪው ሁሌ የተተኮሰ። «ጓድ ተስፋዬ፣» አለው፣ «ሌላው ከተማ ሁሉ አርማ አለው። እኛ ምን ጎደለን? ለአብዮት በዓል በሩ ላይ ተሰቅሎ ማየት እፈልጋለሁ። ሕዝቡ ከተቀበለው ቋሚ ትሆናለህ። ካልተቀበለው ግን እኔም አንተን ይዤ መቀጠል አልችልም።» ተስፋዬ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። እኔም ሆዴን ይዤ «በቃ፣ ቋሚ ነህ» አልኩት። «ገና ምን ተሠራና?» ቢለኝም እኔ እንደዚያ ነኝ፤ የሚሆን ነገር ከሩቅ ይታየኛል።

አርማው ምን ይኑረው በሚለው ላይ የኛ ጎጆ ሸንጎ ሆነ። ሊቀመንበሩ ራሱ ማታ ማታ እየመጣ ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። እሱ ያዘዘው ጥርስ ያለው የማሽን ጎማ ነው። «ጂንካ ውስጥ ይሄ የታለ?» አልኩት። «የወፍጮ ቤቱ አለ» አለኝ። «እሱማ ግማሹን ዓመት ተበላሽቶ ነው የሚውለው» ስል ሳቁን ዋጠ። ተስፋዬ ዙሪያውን የእንሰት ቅጠል ሣለ፤ እናቴ መጥታ አየችና «ይሄ ሙዝ ነው» አለች። «እማ፣ እንሰት ነው።» «እንሰት ቀና ብሎ ነው የሚቆም። ይሄ ተዘልፍልፏል፣ ወይ ሙዝ ነው ወይ ታሟል።» ቀና አደረገው። ከላይ ትንሽ አውሮፕላን አስቀመጠ፣ ከታች የማሽላ ራስ። መሐሉ ግን ባዶ ቀረ። እዚያ ላይ ሁሉም የሚስማማበት ነገር ያስፈልጋል፤ ጂንካ የአንድ ሰው አገር አይደለችማ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ብትቆሙ ከደጋው የሚወርደውም ከቆላው የሚወጣውም ቋንቋው ለየቅል ነው። ለሁለቱም የሚሆነው በሬ ብቻ ነው፤ ደገኛው ያርስበታል፣ ቆለኛው ይዘፍንለታል። ሊቀመንበሩም «በሬ ይሁን፣ ጎማው ይቅር» ብሎ እየቆጨው ተስማማ።

ተስፋዬ ደግሞ ሳያይ የማይሥል ሰው ነው። ደህና በሬ ለማየት ካኮ ገበያ ድረስ በጭነት መኪና፣ በጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። እዚያ ያየነውን በሬ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ዳለቻ ነው፣ ሆዱ ነጭ፤ አንዱ ቀንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ተጠምዝዟል። ሲቆም መሬቱን የተከራየው ሳይሆን የገዛው ይመስላል። ባለቤቱ ዋሌ የሚባሉ የበና ሽማግሌ ነበሩ፤ ራሳቸው ላይ ላባ ሰክተው፣ ከእጃቸው የማትለይ ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ይዘው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም አንተ ይላሉ፣ እኛም አንተ እያልን ነበር የምናወራቸው። እንደዚያ ነው የሚወዱት።

«ዋሌ፣ በሬህን ልሥለው ነው» አለ ተስፋዬ።

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ምንም እንዳትተው። ግማሽ በሬ እኔ አልወድም» አሉና አጠገቡ ቆመው የበሬውን ዘፈን ያንጎራጉሩ ጀመር። በሬውም ጆሮውን እያወዛወዘ ቆመላቸው። ተስፋዬ ከቀንዱ እስከ ጭራው፣ የሸኾናውን ስንጥቅ ሳይቀር ሣለ። የቀኝ ጆሮው ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር፣ የግራው ደግሞ ጎኑ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆርጧል። እሱንም ሣለው። ለእኔና ለእሱ ጆሮ ጆሮ ነው።

ሰሌዳው የዋንዛ እንጨት ነበር። በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ሲገባ፣ በሩ ላይ ተሰቀለ። አቤት ማማሩ! ሊቀመንበሩ ቆቡን አውልቆ ቆመ። እኔ ከቅቤ ሻጮች አጠገብ ሆኜ የሰዉን ፊት ነበር የማየው። መጀመሪያ ሁሉም እሰይ አለ። ከዚያ ከቆላ የወጣ አንድ ጎልማሳ ፀማይ ቀረብ ብሎ አንገቱን ዘመም አደረገና «ይሄ የዋሌ በሬ ነው» አለ።

«አዎ፣ ራሱ ነው» አለ ሌላው። «ጆሮውን አታየውም?»

«ታዲያ መንግሥት ቀማው?»

«አይ፣ ዋሌ ነው ቤቱን የቀማው» ሲል ገበያው በሳቅ ፈነዳ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እዚህ አገር ከብት በጆሮው ነው የሚታወቅ። እያንዳንዱ ወገን የራሱ አቆራረጥ አለው፤ ከብት ቢጠፋ፣ ቢሰረቅ፣ ሩቅ ቢሻገር፣ ጆሮው የጌታውን ስም ይናገራል። እኛ የሥዕል በሬ ብለን የሰቀልነውን እነሱ የዋሌ ንብረት ነው ብለው አነበቡት። ገሚሱ «መዋጮ ተብሎ በሬው ተወስዶበታል፣ ነገ የኛም ይወሰዳል» ብሎ ከብቱን መለሰ። ገሚሱ ደግሞ «ከተማው ለዋሌ ከተሰጠ በዋሌ ግቢ ውስጥ ከብቴን አልሸጥም» ብሎ መለሰ። ፀሐይ መሐል አናት ላይ ሳትደርስ የከብት ተራው አቧራ ብቻ ሆነ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዋሌ ራሳቸው ከነመቀመጫቸው መጡ። ከሰሌዳው ሥር፣ በሩ መሐል ላይ ቁጭ አሉ። ሊቀመንበሩ ወጣ። «አባት፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቴን አያለሁ።»

«ይሄ የሕዝብ ቤት ነው!»

«ጆሮው የኔ ነው። ጆሮው የኔ ከሆነ በሬው የኔ ነው። በሬዬ የቆመበት በረት የማን ነው?» አሉና እግራቸውን ትንሽ ሰብሰብ አደረጉለት። «ግባ፣ ግባ፤ ሥራህን ሥራ። እኔ አላባርርህም።»

ዘበኛው ሳቁን ለመደበቅ ወደ አጥሩ ዞረ። ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «ተስፋዬ! ጆሮውን ድፈነው፣ አሁኑኑ!» መሰላሉን እኔው ያዝኩለት፣ ሆዴ እስከ እርከኑ ደርሶ። ተስፋዬ ስንጥቁንም ጨረቃውንም ሞላው፤ ሙሉ ጆሮ ሆነ። አፍታ ሳይቆይ ያ ፀማይ ጎልማሳ አለፈ፣ ቀና ብሎ አየና እጁን አጨበጨበ። «ጆሮው ያልተቆረጠ ከብት ጌታ የለውም! ያገኘው ይወስደዋል። ዋሌ፣ ተነሥ፤ ከተማውን ዛሬ እኔ ነኝ የምወስደው።» ዋሌም አልተነሡም፣ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። ወዲያው ሦስተኛ መጣ። እንግዲህ አስቡት፤ ጆሮው ሲቆረጥ የአንድ ሰው፣ ሳይቆረጥ የመጣው ሁሉ። ሊቀመንበሩ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለተስፋዬ «እስከ በዓሉ ካልተስተካከለ ሰሌዳውም ይወርዳል፣ አንተም ወደ ወንድምህ» አለው። ተስፋዬ አንዴ ያጠበውን ብሩሽ ደግሞ በጋዝ ያጥብ ጀመር። ያን ቀን ብቻ ነው እኔም ልቤ ዝቅ ያለብኝ።

ዝቅ ብሎ ግን አልቀረም። ቤት ገብቼ ማር በውሃ በጠበጥኩ፣ በቅል ይዤ ዋሌ ዘንድ ሄድኩ። ተቀብለው ጠጡ። «ዋሌ፣» አልኩ፣ «በሬህ አገር ሊያስለቅቀኝ ነው።»

«ወዴት?»

«አርባ ምንጭ።»

«እዚያ ምን አለ?»

«ሐይቅ አለ። ዓሣ አለ።»

«ዓሣ!» ቅሉን ከአፋቸው አወረዱ፤ እነሱ ዘንድ ዓሣ የሚበላ ከብት የሌለው ምስኪን ነው። ሆዴን አዩ፣ እኔን አዩ። «ይሄ ልጅ ዓሣ ሊበላ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እናቴም ብቻዋን ልትቀር ነው።»

ቅሉን ጨልጠው መለሱልኝ። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን እጠራለሁ። ያንን ባለቆብ ጥሪው። ባልሽም ቀለሙን ይዞ ይምጣ» አሉኝ። በሩን ግን አልለቀቁም፤ ቤታቸው ነዋ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። አሪ አለ፣ በና አለ፣ ፀማይ አለ፣ ሐመር አለ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከተማው የራሱ ጆሮ ያስፈልገዋል፣ የማንም ያልሆነ። አንዱ በበትሩ አቧራው ላይ ጆሮ ይሥልና ቆርጦ ያሳያል። «ይሄስ?» «እሱ አርቦሬ ላይ አለ።» ያጠፉታል። «ይሄኛውስ?» «ካንጋተን ወርጄ አይቼዋለሁ፣ ባለቤቱ ደግ አይደለም።» ይጠፋል። «ይሄ?» «ተው፣ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ካየ ይጣላኛል!» አቧራው በጆሮ ተሞላ፣ ተደመሰሰ፣ እንደገና ተሞላ። ሰው ስንት ዓይነት ጆሮ መቁረጥ ይችላል? እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ይሄ አገር ያለ ወረቀት የተጻፈ አገር ነው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ በኋላ እሱም ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ይሥል ጀመር። የሱንም ሁሉ ጣሉበት።

በመጨረሻ ዋሌ ተነሡ። አንድ ትልቅ ጆሮ ሣሉ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ከጫፉ መልሰው እስከ ሥሩ፣ ዳር ዳሩን ጥርስ ጥርስ አድርገው ቆረጡት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ይሄ የማንም አይደለም» አለ አንዱ።

«ማን ጨክኖ እንዲህ ይቆርጣል? ከብቱ ይሞታል።»

«እንጨት ነው» አሉ ዋሌ። «እንጨት አይደማም።»

ሊቀመንበሩ አቧራው ላይ ተንበርክኮ አየው። ዞሮ አየው። ፊቱ በራ። «ይሄማ… ይሄማ የኔ ጎማ ነው!» አለ። ማንም ምን እንዳለ አልገባውም፤ እኔና ተስፋዬ ግን ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ጥርስ ያለው የማሽን ጎማው በበሬው ጆሮ በኩል ዞሮ ገባለት።

ተስፋዬ መሰላሉን ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ከታች እያዘዙት ሣለ፤ «አሁን በቀኙ፣ አዎ፣ ጥርሱን አጥብቀው!» ሁለቱም ጆሮ ሲያልቅ የከብት ተራው መሙላት ጀመረ። ያ ፀማይ ጎልማሳ ጭምር ከብቱን ነድቶ መጣ። ዋሌ መቀመጫቸውን አነሡ። «በቃ፣ ቤቱ የኔ አይደለም። አሁን እንግዳ ነኝ» አሉ። ሊቀመንበሩም እጃቸውን ጨበጠ። ቀጥሎ ወደ ተስፋዬ ዞረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ተስፋዬ፣ ጥሩ ሠርተሃል። የቋሚነቱ ነገር ግን… በጀቱ እንደምታውቀው… ለጊዜው…»

እኔ አፌን ልከፍት ስል ዋሌ በትራቸውን መሐላቸው አስገቡ።

«ይሄ ሰው ጆሮ ቆርጧል» አሉ።

«አዎ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«በኛ ሕግ ጆሮ የቆረጠ ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ ከበረቱ አይሄድም። ዝንብ ይመጣል፣ ትል ይመጣል። የቆረጠው ነው የሚጠብቅ። እሱን ከሰደድከው በሬው ይሞትብሃል፣ ገበያውም ይሞትብሃል።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሁን፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ። ግን እንጨት ነው እኮ አባቴ! የእንጨት ቁስል መቼ ነው የሚደርቀው?»

«እኔም እሱን ነው የምልህ» አሉ ዋሌ።

ከብት ተራው ሙሉ ሰው ያይ ነበር። ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን አየ፣ ከብቱን አየ፣ ሆዴን አየ፤ ከዚያ ቆቡን ደፋና «ሰኞ ቢሮ ና» አለው። ሰኞ ሄደ፤ ቋሚ ሆነ። ልጄን እናቴ እጅ ላይ ወለድኩ። መንግሥት ተለውጦ ሰሌዳውን ሌሎች እስኪያወርዱት ድረስ ተስፋዬ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ የነዚያን ጆሮዎች ቀለም ያድስ ነበር፤ ከወረደም በኋላ አርባ ምንጭን በእንግድነት እንጂ በሌላ አላየናትም።

ልጄ በእግሩ መሄድ ሲጀምር አዝዬው ካኮ ወረድኩ። ዋሌ በሬያቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጁን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ጥርሱን አዩ። እኔም ሲከነክነኝ የከረመውን ጠየቅኳቸው። «ዋሌ፣ የዚያን ቀን ያልከው ሕግ፣ እውነት በናንተ ዘንድ አለ?»

«አልነበረም» አሉኝ። «እኔ ካልኩት ወዲህ ግን አለ።»